«ከፈረስ ስለወደቅኩ ነው ወይ ኩላሊቴ የተጋጠመው?»

ቅዳሜ ስለ ኩላሊትና ስለ ሽንት ቧንቧ ስናወራ ስልኩ ከዳር ዳር ሰፈሮች ጎረፈ። ሰዓቱ አልበቃንም። አንዱ መስመር ላይ የታክሲ ረዳት እየጮኸ ጥያቄውን ሁለቴ አስደግሜያለሁ። አየር ላይ ያሳጠርኩትን እዚህ ዘርዘር ላድርገው።

ከሱሉልታ የደወሉት የአይሱዙ ሹፌር ናቸው። «ለጎን ህመም ሄጄ አልትራሳውንድ ሲያነሱኝ፣ ሁለቱ ኩላሊቶችህ ተጋጥመዋል፣ የፈረስ ኮቴ ይመስላሉ አሉኝ። ልጅ ሆኜ ከፈረስ ወድቄ ነበር። ከዚያ ይሆን?»

አይደለም ወንድሜ፤ ፈረሱ ነፃ ነው። ይሄ እናትዎ ሆድ ውስጥ የባቄላ ፍሬ በሚያክሉበት ጊዜ ያለቀ ጉዳይ ነው።

ኩላሊት አሁን ባለበት ጎናችን ላይ አይደለም የሚጀምረው። ታች፣ ዳሌ ውስጥ ነው። ፅንሱ መጀመሪያ ሁለት ጊዜያዊ ኩላሊቶችን በየተራ ይሠራል፣ ያፈርሳል። ቋሚው ሦስተኛው ነው። በ5ኛው ሳምንት ግድም ከሁለተኛው ኩላሊት ቱቦ ላይ ትንሽ ቡቃያ ትወጣለች። አጠገቧ ኩላሊት የሚሆን ለስላሳ ሥጋ አለ። ቡቃያዋ ሥጋውን ኩላሊት እንዲሆን ታነሳሳዋለች፤ ሥጋው ደግሞ ቡቃያዋን ቅርንጫፍ እንድታወጣ ያደርጋታል። አንዱ ከቀረ ሌላውም ብቻውን አይሆንለትም። ከ1,000 ሰው አንዱ ያህል በአንድ ኩላሊት ብቻ ይወለዳል። ብዙዎቹ ሳያውቁት ያረጃሉ።

ከዚያ ጉዞው ይጀምራል። ከ6ኛው እስከ 9ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሁለቱ ኩላሊቶች ከዳሌ ተነስተው ወደ ላይ ይወጣሉ። በየደረሱበት አዲስ የደም ሥር ይቀጥላሉ፣ የታችኛውን ይለቃሉ። ልክ ቤት እንደሚቀያይር ተከራይ፣ ከድሮው ቆጣሪ ነቅሎ ከአዲሱ እንደሚቀጥል ማለት ነው። አንዳንዱ የድሮውን መስመር ሳይነቅል ይቀራል። ከአራት ሰው አንዱ ያህል ተጨማሪ የኩላሊት ደም ሥር ያለው በዚህ ነው።

የእርስዎ ኩላሊቶች ገና ዳሌ ውስጥ ጎን ለጎን ሳሉ ከታች ጫፋቸው ተጣበቁ። እንደተያያዙ መውጣት ጀመሩ። መሃል ሆድ ላይ ግን ለታችኛው ትልቅ አንጀት ደም የሚወስድ ቧንቧ አለ። ሁለቱን ያገናኘው ድልድይ እሱ ሥር ተይዞ ቀረ። ከ500 ሰው አንዱ አካባቢ እንደዚህ ነው፤ ብርቅ አይደለም። ሥራቸውን በደንብ ይሠራሉ። ግን ሽንቱ ቁልቁል ሲወርድ በድልድዩ ፊት ስለሚያልፍ ሊዘገይ ይችላል፤ ጠጠርና ኢንፌክሽን ይወዳቸዋል። ስለዚህ ውሃ ይጠጡ። በሹፌር ቋንቋ፦ «ሽንት ቤት የለም» ብለው ከጠዋት እስከ ማታ ሳይጠጡ አይንዱ። የጎን ህመሙንም ጠጠር ይሁን ሌላ፣ ሐኪምዎ ያጣራው። ሌላ አንድ ነገር፦ ድልድዩ አከርካሪ ፊት ለፊት ስለተቀመጠ የሆድ ምት አይወድም። የመኪና ቀበቶው ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ ዝቅ ብሎ ይታሰር። ይታሰር ነው ያልኩት!

ከኮዬ ፈጬ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር፦ «ልጄ አንድ ኩላሊቱ ሽንት ይዟል ተባልኩ። ሆድ ውስጥ ይሸናል እንዴ?»

ይሸናል እህቴ። ከ10ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ። ከእርግዝናሽ አጋማሽ በኋላ የሽርት ውሃው አብዛኛው የእሱ ሽንት ነው። ይውጠዋል፣ መልሶ ይሸናዋል። ይሄን ስነግራት በስልኩ ውስጥ «እሰይ!» ሳይሆን «ውይ!» ነው የሰማሁት። ግን ቆሻሻውን የእንግዴ ልጁ ወደ አንቺ ደም ስለሚያወጣው፣ ሽንቱ ከውሃ ብዙም አይለይም። ደግሞ ያስፈልጋል፤ ውሃው ካነሰ ሳንባው በደንብ አያድግም።

«ይዟል» የሚለው ቃል ብቻውን አያስደንግጥሽ። አንድ ጎን ብቻና ቀለል ያለ ከሆነ ብዙ ጊዜ በራሱ ይስተካከላል። ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ሁለቱም ኩላሊት ነው ወይ? የሽርት ውሃውስ በቂ ነው? ወንድ ልጅ ሆኖ ሁለቱም ካበጡና ውሃው ካነሰ፣ መሽኛው ቧንቧ ውስጥ መንገድ የሚዘጋ ስስ ሽፋን ሊኖር ስለሚችል፣ ልክ እንደተወለደ መታየት አለበት። አንድ ጎን ብቻ ከሆነ ግን አልትራሳውንድ ለማንሳት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አሳልፉ። አዲስ የተወለደ ልጅ ሽንቱ ትንሽ ስለሆነ እብጠቱ ሊደበቅ ይችላል።

ከለገጣፎ አንዲት አያት የልጅ ልጃቸው እምብርት አልደርቅ ብሎ፣ ሲያለቅስ እንደሚረጥብ ነገሩኝ። ፅንስ ሳለን ከፊኛችን አናት ወደ እምብርት የሚሄድ ቱቦ አለ። ከመወለዳችን በፊት ተዘግቶ ክር ይሆናል። አልፎ አልፎ ክፍት ይቀርና ሽንት በእምብርት ይንጠባጠባል። እርግጥ የእምብርት ርጥበት ብዙ ጊዜ ከሌላ ምክንያት ነው የሚመጣው። እማማ፣ ቅቤውን ይተዉትና ነገ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

የመጨረሻው ከሰበታ ነው፣ የወደድኩትም እሱን ነው። «በበዓል ቅርጫ ስናርድ የበሬው ኩላሊት እንደ ወይን ዘለላ ጎባጣ ነው፤ የበግ ግን ልሙጥ። የእኛስ?»

ሁለቱንም ነን። ስንወለድ የበሬውን ይመስላል፦ ጉብ ጉብ ያለ፣ በመሃሉ ስንጥቅ ያለው። በልጅነት ዓመታት መሃሉ እየሞላ እንደ በጉ ይለሰልሳል። አዲስ ማጣሪያ ተሠርቶ ግን አይደለም። በአንድ ኩላሊት 1 ሚሊዮን የሚሆኑት ማጣሪያዎች በ36ኛው ሳምንት እርግዝና ገደማ ተሠርተው ያልቃሉ፤ ከዚያ ያሉት ብቻ ያድጋሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ስንጥቁ እስከ ጉልምስና ይቆያል። አልትራሳውንድ ላይ እብጠት መስሎ ያስደነግጣል እንጂ በሽታ አይደለም።