መጀመሪያ ሲዲው ይሳፈር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ የመጣችሁ ሐኪሞችና ነርሶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር የሳንባ በሽታና ሐኪም ስለመምረጥ ነው።

ስትገቡ በሩ ላይ ቆሜ ሳያችሁ ነበር። አንዳንዶቻችሁ ደረጃው መሀል ላይ ቆም ብላችሁ ስልክ አወጣችሁ። የደወለ ሰው ግን አልነበረም። ያንን አቋቋም በደንብ አውቀዋለሁ።

አባቴ በእግራቸው መሄድ የሚወዱ ሰው ናቸው። ከለገሃር ተነስተው በቸርችል ጎዳና እዚህ ፒያሳ ድረስ ይወጡ ነበር፤ ታክሲ አይሞክሩም። አንድ ቅዳሜ አብረን ስንወጣ ፖስታ ቤቱ ጋ ቆሙ። ትንሽ ሄደን የባህል ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ፊት እንደገና ቆሙ። መስታወቱ ውስጥ መሶብ ተደርድሯል። «አባዬ፣ ምን እያዩ ነው?» አልኳቸው። «ዝም ብዬ ነው፤ ሥራው አያምርም?» አሉኝ። ሦስተኛው ሱቅ ላይ ግን ትከሻቸውን አየሁት። ከፍ ዝቅ ይላል። መሶቡን እያዩ አልነበረም። ትንፋሻቸው እስኪመለስ እየጠበቁ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ አንስቶ የበሽታቸውን ስም እስክንሰማ 1 ዓመት ከ8 ወር ፈጀብን። መጀመሪያ «ብርድ ነው» ተባልን። ቀጥሎ አስም ተባለና የሚሳብ መድኃኒት ተሰጣቸው። ከዚያ ደግሞ አክታቸው ላይ ምንም ሳይገኝ የቲቢ መድኃኒት ጀመሩ፤ 6 ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ዋጡ። ሳሉ ግን እንዳለ ነው። የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። በአገራችን ሳልና ክሳት ያለበት ሰው ሲመጣ ቲቢ መጠርጠሩ ራሱ ትክክል ነው። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። መድኃኒቱ ሳይሠራ ሲቀር «ታዲያ ምንድነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

የኔን ጥፋት ልንገራችሁ። ሆስፒታል የምመርጠው በሕንፃው ነበር። አዲስ ከሆነ፣ ሊፍት ካለው፣ ወለሉ ካበራ፣ በቃ ጥሩ ነው። ሰው ሳገኝ ደግሞ «ጎበዝ ሐኪም ታውቃለህ?» እላለሁ። ሁሉም አንድ ጎበዝ ያውቃል። ለምኑ ጎበዝ እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። የስኳር ጎበዝም የልብ ጎበዝም ጋ ወስጃቸዋለሁ።

በመጨረሻ አንዲት የሳንባ ሐኪም ጋ ደረስን። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶታል። በፌስታል የያዝነውን የራጅ ክምር ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አልከፈተችውም። «አባባ፣ እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ» አለች። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አየች። ጫፋቸው ወፈር ብሏል፤ ጥፍሮቹ ጎብጠዋል። ስንት ዓመት ያንን እጅ ስስም ልብ አላልኩትም። ከዚያ ሸሚዛቸውን አስወልቃ ጀርባቸውን ከታች ጀምራ አዳመጠች፤ ቶሎ አልለቀቀችም። «ነይ ስሚው» ብላ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችው። የጃኬት ቬልክሮ ቀስ ተብሎ ሲላቀቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። አባቴ በተነፈሱ ቁጥር ይላቀቃል።

ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ምን ሥራ ሠርተዋል? አናጢ ነበሩ፤ የእንጨት ብናኝ። ሲጋራ? ወጣት ሳሉ። ቤት ውስጥ ዶሮ ወይም እርግብ አለ? ግድግዳው ላይ ሻጋታ አለ? መገጣጠሚያ ያማቸዋል? ለልብ አሚዮዳሮን ወስደው ያውቃሉ? ለሽንት ናይትሮፉራንቶይን? እኔ በሆዴ «ሳንባና እርግብ ምን አገናኘው?» እል ነበር። በጣም ይገናኛል። እነዚህ መድኃኒቶች ሳንባን ሊጎዱ ይችላሉ። የወፍ ላባና ኩስ፣ የሻገተ ድርቆሽ አንዳንድ ሰው ላይ ሳንባውን ያስቆጣሉ፤ ያ ከሆነ ትልቁ ሕክምና ነገርዬውን ከቤት ማስወጣት ነው። ሐኪሞች በጥቅሉ «አይ ኤል ዲ» የሚሉት፣ ሳንባን የሚያስቆጡና የሚያጠብሱ በሽታዎች ቤተሰብ ውስጥ ከ200 በላይ በሽታዎች አሉ። ትንፋሽ ማጠሩና ሳሉ ይመሳሰላል። ሕክምናው ግን ይለያያል።

የአባቴ ስሙ «አይ ፒ ኤፍ» ሆነ። መንስኤው ያልታወቀ የሳንባ ጠባሳ ማለት ነው። ሳንባው እየደነደነ ይሄዳል፤ ኦክስጅን ማሳለፍ ያቅተዋል። በአብዛኛው ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ላይ ይወጣል።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ የስሙ ነገር የሕይወት ጉዳይ ነውና። ብዙዎቻችሁ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ ታውቁታላችሁ። አባቴም ለወራት ወስደዋል። ድሮ ለዚህ በሽታ ይህ ዓይነት መድኃኒት ከአዛታዮፕሪንና ከኤን-አሴቲልሲስቴይን ጋር ተጣምሮ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ግን ያንን ጥምር የወሰዱት በሽተኞች መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት ይልቅ በብዛት እንደሞቱ አሳየ። በሌላ በኩል ሳርኮይዶሲስ የሚባለው ሌላ የሳንባ በሽታ ላለበት ሰው ያው ፕሬድኒሶሎን ሊያድነው ይችላል። አንድ ክኒን፣ ሁለት በሽታ። ደግሞ አደራ፣ ይህን ሰምታችሁ ቤት ገብታችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። በድንገት ማቆምም አደጋ አለው፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሰው።

ለአይ ፒ ኤፍ ከሚሆኑት መድኃኒቶች ፒርፌኒዶንና ኒንቴዳኒብ ይገኙበታል። አሜሪካ ሁለቱንም የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 ነው። ጠባሳውን አያጠፉም፤ ፍጥነቱን ይቀንሳሉ። ሕንድ ውስጥ ጄነሪካቸው፣ ማለትም ያው መድኃኒት በሌላ ፋብሪካ፣ ስለሚመረት ብዙ ሰው ከዚያ ያስመጣል። ማስመጣቱ ብቻ ግን አይበቃም። ኒንቴዳኒብ ተቅማጥ ያመጣል፤ ፒርፌኒዶን የወሰደ ሰው የጥር ፀሐይ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ሁለቱም ላይ የጉበት ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋል። ስለዚህ ሐኪም ስትመርጡ መድኃኒቱን የሚጽፈውን ብቻ ሳይሆን ከጻፈ በኋላ የሚከታተለውን ምረጡ።

የትኛው ሆስፒታል ትሉኝ ይሆናል። ከዚህ በቸርችል ቁልቁል ጥቁር አንበሳ አለ። የሳንባ ሕክምና ሰብ-እስፔሻሊቲ ሥልጠና እዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዚያ በፊት በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል የሳንባ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት መንግሥት ሆስፒታል የሚሠራው ሐኪም ማታ የግል ክሊኒክ ሊገኝ ይችላል። ቀጠሮው ራቀ ብላችሁ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው ጴጥሮስም ለብዙ ዓመት የቲቢ ሆስፒታል ሆኖ የኖረ ነው፤ ጥያቄያችሁ «ቲቢ ነው ወይስ አይደለም» ከሆነ ይህን ማወቅ ይጠቅማችኋል። የትም ሂዱ ግን ሁለት ነገር ጠይቁ። «ሐኪም፣ ይህን ዓይነት በሽተኛ ያያሉ?» «ሲቲ ስካኑን ከራዲዮሎጂስት፣ ምስል ከሚያነበው ሐኪም ጋር ቁጭ ብለው ያዩታል?» ይህ ጥያቄ ድፍረት አይደለም። በዓለም ላይ ይህ በሽታ በትክክል የሚለየው የሳንባ ሐኪምና ራዲዮሎጂስት፣ ካስፈለገም ናሙና የሚመረምር ፓቶሎጂስት ተመካክረው ነው። ምስሉ ግልጽ ከሆነ ሳንባ ቆርጦ ናሙና መውሰድም አያስፈልግም። ጥሩ ሐኪም በጥያቄው አይቀየምም። የኛዋ ፈገግ ብላ «ሐሙስ እናየዋለን» ነው ያለችን።

ሲቲው ራሱ ተራ ሲቲ አይሁን። ወረቀቱ ላይ ባለ ከፍተኛ ጥራት የሳንባ ሲቲ ተብሎ መታዘዝ አለበት፤ ሳንባውን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ቀጭን ቁራጭ የሚያሳይ። ስትጨርሱ ሪፖርቱን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ሲዲውን ጠይቁ፤ ፍላሽ ላይም ገልብጡት።

ምክንያቱም ቤተሰብ ሲጨነቅ መጀመሪያ የሚያስበው ባንኮክ ወይም ዴልሂ ነው። ዕቁቡ ይወጣል፣ መኪናው ይሸጣል፣ ደላላውም ስልክ መደወል ይጀምራል። እኛም መኪናችንን ልንሸጥ ነበር። ሐኪሟ ናት የያዘችን። «አባባ ከመሄዳቸው በፊት ሲዲው ይሂድ» አለችን። ሲዲው ውጭ ላሉ ባለሙያዎች ተላከ። መልሱ ሲመጣ እሷ ከጻፈችው ጋር አንድ ነበር። መኪናዋ አሁንም አለች፤ አባቴን ለክትትል የምታመላልሰው እሷው ናት። መሄድ ግድ የሚሆንበት ጊዜ የለም አላልኩም። አለ። ግን መጀመሪያ ሲዲው ይሳፈር።

የኦክስጅንም ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጣት ላይ የሚደረገው መሣሪያ የሚያሳየውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ካነበባችሁት ጋር አታስተያዩ። እዚህ ከፍታ ላይ የሚሠራ ሐኪም ያንብብላችሁ። ተቀምጣችሁ ብቻ ሳይሆን የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ አድርጋችሁም ይለካ። የአባቴ ቁጥር ሲቀመጡ ደህና ነበር፤ ሲራመዱ ነው የወደቀው። ቤት ውስጥ ኮንሰንትሬተር፣ ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራው መሣሪያ፣ ካላችሁ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ሲሊንደር ይኑራችሁ።

አባቴ ዛሬ ያልመጡት ይህ ደረጃ ስለሚከብዳቸው ነው። መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ሬዲዮ እየሰሙ ነው። ስመለስ ቡና ላይ ማን ማን እንደመጣ ይጠይቁኛል።

አሁን ሻይ አለ። በቀኝ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ባዶ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ለሐኪም የምትሰጡትን አንድ ገጽ አብረን እንጻፍ፤ የትንፋሽ ማጠሩ መቼ ጀመረ፣ ምን ሥራ ሠራችሁ፣ ቤታችሁ ምን ጭስ፣ ምን እንስሳ አለ፣ ምን ምን ክኒን ዋጣችሁ። እኔ እጽፋለሁ። እናንተ ተቀምጣችሁ ንገሩኝ፤ አንቸኩልም፣ እያረፋችሁ።