ጓዳችን አደባባይ ሲወጣ

የተከበራችሁ የጅማ ነዋሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በዚህ ዐውደ ርዕይ ክፍሎች የምታዩት ጀበና፣ ሙቀጫ፣ ጉልበት የነካው ቦታ የሳሳ መስገጃ፣ እግሩ በሽቦ የተጠገነ አልጋ፣ ሁሉም ከየቤታችሁ የመጣ ነው። «ይህ ምኑ ጥበብ ነው?» የሚል ጥያቄ በር ላይ ሰምቻለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ኢንስታሌሽን የምንለው ጥበብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሩቅ አይታይም። ተመልካቹ ይገባበታል፣ ይዞርበታል፤ ክፍሉ ራሱ ሥራው ነው። እንግሊዛዊቷ ሬቸል ዋይትሪድ እ.ኤ.አ. በ1993 በምሥራቅ ለንደን አንድ መኖሪያ ቤት ውስጡን በኮንክሪት አልብሳ የውጭ ግንቡን አነሳችው። ሰዎች ሲኖሩበት የነበረው ባዶ ቦታ ግዙፍ አካል ሆኖ ቆመ፤ በ1994 መጀመሪያም ፈረሰ።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን የቻይናዊው ሶንግ ዶንግ ሥራ ነው። አባቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሞቱ እናቱ በሐዘን ተዋጡ፤ ከቤታቸውም አንዲት ቁራጭ ጨርቅ አትጣልም ነበር። ልጅየው በ2005 ቤጂንግ ውስጥ ከ10,000 በላይ ዕቃዎችን፣ ባዶ ጠርሙስና ያለቀ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር፣ ከእናቱ ጋር ሆኖ ደረደረ። ልብ በሉ፣ ከእናቱ ጋር ነው። የሰውን ጓዳ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣት ገመናን መግለጥ ነው፤ እኔ ጥበብ አልለውም። ስለዚህ እዚህ ያለውን ዕቃ ያስቀመጡት ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። በሁለተኛው ክፍል መጋረጃ የተጋረደ ጥግ አለ፤ የዕቃዎቹ ባለቤት እንዳይከፈት ስለጠየቁ እባካችሁ አትክፈቱት።

የዳግማዊ አባ ጅፋር መገልገያዎች በጅማ ሙዚየም ተጠብቀዋል። ይህ ያኮራናል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማችንም በየሀገሩ ይታወቃል። በአንድ ግቢ ተከራይተው፣ ቧንቧና ማድ ቤት ተጋርተው የኖሩ ሰዎች ዕቃ ግን ጠባቂ የለውም። ሰፈር በልማት ሲነሳ ቤቱ በካርታ ላይ ይቀራል፤ ልጆች ያደጉበት ምጣድና ሣጥን ግን ከፍርስራሹ ጋር ይጫናል። ይህ ያንገበግበኛል። የነገሥታቱን ወንበር ያከበረች ከተማ የልብስ አጣቢዋን ሳፋም ልታከብር ይገባል።

የመጨረሻው ክፍል ሆን ተብሎ ባዶ ተትቷል። ዕቃ ማምጣት የምትፈልጉ በር ላይ ላሉት ተማሪዎች አስመዝግቡ፤ የማን እንደነበረና ምን ሲሠራበት እንደኖረ ንገሯቸው፣ ይጽፉታል። ከመጥረግና ከማጠብ በፊት አምጡት፤ ጥላሸቱም ይፈለጋል። ፎቶ ማንሳት የሚቻለው ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

አመሰግናለሁ።