የሚድህ ልጅ እጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ አሰላሙ አለይኩም። ሁለቱን ለይቼ ልል አስቤ ነበር። ግን ወሎ ላይ ሁለቱም ለሁሉም ይሠራል።

እናቶች፣ አባቶች፣ የዕድር ዳኞች፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ብዙ አላቆያችሁም።

ደሴ ላይ እንግዳ ቤት ሲገባ ከምግቡ በፊት የሚመጣው ማስታጠቢያ ነው። የቤቱ ትንሽ ልጅ ኩስኩስቱን ይይዛል፣ ከታላቅ ጀምሮ ያስታጥባል። ይህን ጤና ጣቢያ አላስተማረንም፣ አያቶቻችን ናቸው። አንድ ሰው ግን ሁሌም ይዘለላል። መሶቡ ሥር እየዳኸ የወደቀ ፍርፋሪ የሚለቅመው። የእሱን እጅ ማን ያስታጥባል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጣች። ልጁ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ክብደቱ ፈቀቅ አላለም፣ ቁመቱም ያው ነው። «እህቴ፣ ምን ታበይዋለሽ?» አልኳት። «ገንፎ፣ እንቁላል፣ የምስር ፍትፍት። ጡትም አላስጣልኩትም» አለች። እውነቱን ልናገር፣ አላመንኳትም። በሆዴ «እየዋሸችኝ ነው» ብዬ፣ አመጋገቡን አስተካክይ ብያት ሸኘኋት።

በሌላ ቀን ቤቷ ሄድኩ። ሰባት ተከራይ ያለበት ግቢ ነው፣ ሽንት ቤቱ አንድ። እንቁላሉን ዓይኔ እያየ ቀቀለች። እያጎረሰችው ማንኪያው ወደቀ። በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ቀጠለች፤ እኔም ቤቴ የማደርገው ነው። ልጁ ጠገበና እየዳኸ ወደ በሩ ሄደ። ዶሮዎቹ የሚጭሩበት ጋ ሲደርስ ከመሬቱ አንድ ነገር አነሳና ወደ አፉ ወሰደው። ብድግ ብዬ ከጣቱ አስጣልኩት። የዶሮ ኩስ ነበር። ዶሮዎቹ ማታ የት እንደሚያድሩ ጠየቅኩ። አልጋው ሥር ነው።

ሴትዮዋ አልዋሸችም። ምግቡ ይገባል፣ ግን አይያዝም።

ምክንያቱን በፎጣ ላስረዳችሁ። አዲስ ፎጣ ጸጉር አለው፤ ውሃውን ምጥጥ ያደርገዋል። ያረጀ ፎጣ ጸጉሩ አልቆ ልሙጥ ስለሆነ ውሃው ላያችሁ ላይ ይቀራል። የልጅ አንጀት ውስጡ እንደ አዲስ ፎጣ ነው። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጸጉር መሳይ ነገሮች አሉት፤ ምግቡን ወደ ደም የሚመጥጡት እነሱ ናቸው። ልጁ በየቀኑ ከሰገራ የመጣ ጀርም ሲውጥ እነሱ ያጥራሉ፣ ይለሰልሳሉ። አንጀቱም ይሳሳና ጀርሙን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ሰውነቱ ያገኘውን ጉልበት ለማደግ ሳይሆን ለመከላከል ያውለዋል። የሚያስቸግረው ደግሞ ይህ ሁሉ ተቅማጥ ሳይኖርም መሆኑ ነው። ልጁ ይስቃል፣ ይጫወታል። ቁመቱ ብቻ ቆሟል።

መቀንጨር የምንለው ይህንን ነው። ዋናው ጊዜ ከእርግዝና ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ያለው 1000 ቀን ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 37ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በእኛ በአማራ ክልል 41 አካባቢ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣን ቃልኪዳን የገባው ይህን በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ነው። ሰቆጣ ደግሞ ሩቅ አይደለችም፣ ጎረቤታችን ናት።

«አጭር ቢሆን ምን አለበት፣ አባቱም አጭር ነው» የሚል አይጠፋም። ጉዳዩ የቁመት ብቻ ቢሆን እኔም ዝም እል ነበር። አንጎልም በአብዛኛው የሚገነባው በዚያው 1000 ቀን ውስጥ ነው።

«የሕፃን ካካ ምን ያደርጋል፣ ንጹህ ነው» የምትለዋን ነገር ሁላችንም እናውቃታለን። አይደለም። የሕፃን ሰገራም እንደ ትልቅ ሰው ሰገራ ጀርም አለው። ፖፖውን ደጅ መድፋት፣ ዳይፐሩን ቦይ ውስጥ መወርወር ቤታችንን ያጸዳ ይመስለናል። ቦዩ ቦርከና ይገባል። ቦርከና ደግሞ ኮምቦልቻ ይወርዳል። እኛ የጣልነውን የሚያገኙት የገዛ ዘመዶቻችን ናቸው። ከኮምቦልቻ የመጣችሁ፣ ይቅርታ።

አሁን ደግሞ ለእኔ ንግግር የማይመች ነገር ልንገራችሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ2018 ከባንግላዴሽና ከኬንያ፣ በ2019 ከዚምባብዌ የትልልቅ ጥናቶች ውጤት ወጣ። ለቤተሰቦች ሽንት ቤት፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የውሃ ማከሚያ ተሰጠ። ባንግላዴሽ ላይ ተቅማጥ ቀነሰ። የልጆቹ ቁመት ግን በአንዱም አገር አልጨመረም። ትንሽ የጨመሩት ተጨማሪ ምግብ ያገኙት ናቸው። ስለዚህ ሳሙና ልጅ ያስረዝማል ብዬ አልዋሻችሁም። ምግብን የሚተካ ንጽህና የለም።

እኔ ከዚህ የምረዳው ንጽህና ከንቱ ነው የሚል አይደለም። ግማሽ ንጽህና አይበቃም የሚል ነው። በዚያ ግቢ ስድስቱ ቤት ታጥቦ አንዱ ካልታጠበ፣ ልጆቹ የሚድሁት አንድ መሬት ላይ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ በድሃ ቤቶች የአፈሩ ወለል በሲሚንቶ ሲለበጥ የልጆቹ የሆድ ትል፣ ተቅማጥና ደም ማነስ ቀንሷል። መድኃኒት አልሰጧቸውም፣ ወለሉን ነው የቀየሩት።

ስለዚህ እናቶችን ብቻ መምከር ይብቃን። አከራዮች፣ በየወሩ ኪራይ ስትጨምሩ አንድ ከረጢት ሲሚንቶም አስቡ። ዕድሮች፣ ለቀብር ድንኳን እንደምንገዛ ለግቢው ሽንት ቤት ማዋጣት አያቅተንም። ውሃ በፈረቃ እየመጣ፣ በጀሪካን እየተቀዳ «አምስት ጊዜ ታጠቢ» ማለት ደግሞ ቀልድ ነው። ይህንን ለሚመለከታቸው ሰዎች እንደዚሁ ፊት ለፊት ነው የምናገረው።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ። ዶሮዎቹ ከቤት ውጭ ይደሩ፣ ቆጥ ይሠራላቸው። ፖፖው ሽንት ቤት ይደፋ። የልጅ ካካ ካጸዳችሁ በኋላ፣ ምግብ ከመሥራታችሁና ከማጉረሳችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ የእሱንም እጅ እጠቡ። ከጠዋት የተረፈ ገንፎ ማታ በደንብ ሳይሞቅ አይሰጥ።

ይኸውላችሁ፣ ይህ ባዶ ሃይላንድ ነው። ከታች ጎኑን በሚስማር በስቼዋለሁ። ውሃ ሞልቼ ክዳኑን ሳጠብቀው አያንጠባጥብም። ላላ ሳደርገው፣ እዩት፣ እንደ ቧንቧ ይወርዳል። አንድ ሃይላንድ ውሃ ብዙ ሰው ያስታጥባል፤ ሽንት ቤቱ በር ላይ ስቀሉት።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ፣ ሽታው መጥቷል። ቂጣውም ቀርቧል። አንተ ማሙሽ፣ አዎ፣ እናትህ እግር ሥር ያለኸው፣ ና። ዛሬ ከአንተ ነው የምንጀምረው። ሳሙናውን አቀብሉኝ።