የሰፈራችሁ ተወካይ ማነው?

(በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን አደራችሁ? በዚህ የሸዋ ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ በጠዋት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስም ጥሪው አልቋል፤ የወሩ ሒሳብም ተነቧል። አሁን ለአንድ ጉዳይ ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የታችኛውን የእንጨት ድልድይ ጎርፍ ወስዶት ነበር። ታስታውሳላችሁ። አባቶች ልጆቻቸውን በጀርባ አዝለው አሻገሩ። ያኔ አምስት ሆነን አቤት ለማለት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። የተቀበሉን ሰው በትሕትና አዳመጡን። ከዚያ «የሰፈራችሁ የምክር ቤት ተወካይ ማነው? በእሱ በኩል አምጡት» አሉን። እርስ በርስ ተያየን። መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ተወካያችን ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወሩ ቆይተዋል። በእግራቸው የተተካ የለም። ከእኛ ሌላ ሁለት ሰፈሮችም እንደዚሁ ናቸው።

ያን ቀን መንገዱን ሙሉ እፍረት ይዞኝ መጣ። ወንበሩ ባዶ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ይሞላልን ብለን ግን አንድም ቀን አልጠየቅንም። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ዝም ያለ ሰፈር ድልድዩ ሲወሰድበት ግን በዓይናችን አየን።

ገንዘብ ያዣችን ያረፉ ጊዜ ምን አደረግን? ጡሩንባው ተነፋ፤ ድንኳኑ ተተከለ፤ ቀበርናቸው፤ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጥን። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ሌላ ሰው መረጥን። ከላይ ማንም አልሾመልንም። እጅ አወጣን፣ ቆጠርን፣ በቃለ ጉባኤ አሰፈርን። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አልረሳውም። ሣጥኑ ያለ ያዥ አንድ ወር እንኳን አልቆየም። ለእድር ሣጥን እንዲህ ከተጨነቅን፣ የከተማው በጀት የሚጸድቅበት ወንበር ባዶ ሲሆን እንቅልፍ እንዴት ይወስደናል?

ነገሩ ለእኛ አገር አዲስም አይደለም። መንዝ ላይ ያለውን ጓሳ የተባለውን የሣር ምድር አስቡት። ሣሩ ለቤት ክዳንም ለገመድም ነው። መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት ሥርዓት ነበረው። ጠባቂውን የሚመርጠው ተጠቃሚው ሕዝብ ራሱ ነበር፤ በአንድ ላይ ተሰብስቦ። ይህ ከ400 ዓመት በላይ የቆየ ወግ ነው። ዛሬ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የምናየው እነዚያ ሰዎች ያለ ጠባቂ ስላልተዉት ነው። አያቶቻችን ለሣር ጠባቂ መርጠዋል።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ አላረዝምም። በምርጫ ሕጋችን፣ በአዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ማሟያ ምርጫ የሚባል አለ። የምክር ቤት ወንበር በሞት፣ በመልቀቅ ወይም በሌላ ምክንያት ሲጎድል ለመሙላት የሚደረግ ምርጫ ነው። የሚያካሂደው ምርጫ ቦርድ ነው። ዕድሜው 18 የሞላና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ዜጋ ይመርጣል። ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። በአንድ ድምፅ ቢበልጥም አሸነፈ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ምርጫ ደግሞ እንደ ትልቁ ምርጫ ሞንታርቦ አይጮህም፤ ብዙ ሰውም አይወጣም። ስለዚህ የአንድ እድር አባላት በሙሉ ቢወጡ ውጤቱን መለወጥ ይችላሉ።

በክልላችን የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች የተመረጡበትን ጊዜ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ሚያዝያ 2005 ነው። የሥራ ዘመኑ 5 ዓመት ነበር። በ2010 ሊደረግ የነበረው ምርጫ ተራዘመ፤ ከዚያም እንደገና ተራዘመ። ያኔ አንደኛ ክፍል የነበሩ ልጆች ዛሬ ትዳር ይዘዋል። የራሳቸውን ከተማ ምክር ቤት አንድም ጊዜ አልመረጡም። እዚህ ከኋላ የተቀመጣችሁ ወጣቶች፣ ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ሙሉ የአካባቢ ምርጫ ቢመጣ እሰየው። እስከዚያው የጎደለው ይሟላ እላለሁ።

ወንበር ባዶ ሲቀር ምን እንደሚሆን አዲስ አበባ አይታዋለች። በ1997 ምርጫ ቅንጅት የተባለው የተቃዋሚ ፓርቲዎች ስብስብ ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ። ከዚያ ውዝግብ መጣ፤ እስር መጣ፤ ምክር ቤቱ ሳይመሠረት ቀረ። ከ1998 ጀምሮ ከተማዋን ነዋሪው ያልመረጠው ባለአደራ አስተዳደር መራት። ነዋሪው እንደገና የመረጠው በሚያዝያ 2000 ነው። ይህን ያነሳሁት ማን ልክ ነበር ለማለት አይደለም። ያን ሁሉ ጊዜ የአንድ ሰፈር እናት «የመረጥኩህ እኔ ነኝ፤ ውሃው የት ደረሰ?» የምትለው ሰው አልነበራትም። እኛም ዛሬ እዚያው ነን።

አንዳንድ አባቶች «ልጄ፣ ሰላም ሳይኖር ምን ምርጫ አለ?» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። ያለፉት ዓመታት ለሰሜን ሸዋ ከባድ ነበሩ። መንገድ ተዘግቶ በሽተኛ ደብረ ብርሃን ማድረስ ያቃተን ቀን ነበር። ከመካከላችን ልጁን የቀበረ አለ። እናት ድምፅ ሰጥታ በሰላም ቤቷ የማትመለስበት ምርጫ እንዲደረግ እኔም አልፈልግም። ጥያቄውን ማስገባት ግን ተኩስ እስኪቆም አይጠብቅም። ደብዳቤ ማንንም አይገድልም። ሰላሙ ሲመጣ ተራችን ቀድሞ ተይዞ ይጠብቀን።

ደግሞ እንተማመን። ስንመርጥ ዘመድ ስለሆነ፣ አብሮን ስለተማረ፣ ሠርጋችን ላይ ስለመጣ አንምረጥ። በጀት ሲነበብ አንብቦ የሚረዳ፣ ስብሰባ የማይቀር፣ ከሹም ፊት ዝም የማይል ሰው እንፈልግ። ሴቶቻችንንም እንይ። የእድሩን ዕቃ ለስንት ዓመት አንድ ሲኒ ሳይጎድል የያዙት ማን ናቸው? እነሱ አይደሉም? የመረጥነው ሰው ሥራውን በትክክል ካልሠራም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 መልስ አለው፤ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት ይችላል።

ደብዳቤውን አዘጋጅቻለሁ። የተጻፈው ለምክር ቤታችን አፈ ጉባኤ ነው፤ ግልባጩ ለምርጫ ቦርድ ይሄዳል። ሦስቱ ሰፈሮች በአንድ ላይ የሚጠይቁት ነገር አንድ ነው፤ የጎደሉት ወንበሮች በማሟያ ምርጫ ይሟሉልን። ማንበብ ለሚያስቸግራቸው እናቶች ቃል በቃል አነብላቸዋለሁ። መታወቂያችሁ ጊዜው ያለፈባችሁ እስከ ሚቀጥለው ስብሰባ አሳድሱ። ደብተሩ በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እስክሪብቶም አለ። አረጋውያን ይቅደሙ።