ከስባሪ የሚነፋ ብርጭቆ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደማስቆ ብርጭቆ ነፊዎች ነው።

እኛ «ፍቅርና ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» እየተባልን ነው ያደግነው። እነሱ ዘንድ ግን ሥራው የሚጀምረው ከነቃው ነው። የተሰበረ ጠርሙስ፣ ሰው የጣለው ስባሪ ሁሉ ይለቀምና በጡብ እቶን ውስጥ ይቀልጣል።

ባለሙያው የረጅም ብረት ቱቦ ጫፍ ወደ እቶኑ ይሰዳል። የቀለጠው ብርጭቆ እንደ ማር ይጠቀለልበታል። ያወጣና እፍ ይላል። በዚህ ሁሉ መሃል እጁ አያርፍም፤ ቱቦውን ያሽከረክራል። ካቆመ ብርጭቆው በክብደቱ ወደ አንድ ጎን ይዘማል። ሲጠጥርበት መልሶ እሳት ያስገባዋል። ከዚያ በመቆንጠጫ አንገቱን ያጠባል፣ አፉን ይከፍታል።

እኔን የሚደንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያ ያማረ ዕቃ እንዲሁ ውጭ ቢቀመጥ ይሰነጠቃል። ላዩ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ገና ትኩስ ነው፤ ሁለቱ ይጓተታሉ። ስለዚህ ሌላ ሞቃት ክፍል ገብቶ ቀስ እያለ ይበርዳል።

አንዲት ሰማያዊ የሶርያ ብርጭቆ አለችኝ። መቀመጫዋን ስትዳስሱት ሻካራ ጠባሳ አለው። አፏ ሲሠራ ከታች ይዟት የነበረው ዘንግ የተላቀቀበት ቦታ ነው። ገላዋ ውስጥም ደቃቅ አረፋዎች ቀርተዋል። ይሄን እንከን ነው ብሎ የሚመልስ ሰው ሳይ ከልቤ አዝናለሁ። የሰው ትንፋሽ ያለበት ዕቃ እኮ ነው!

ብርጭቆ መንፋት የተጀመረውም እዚያው አካባቢ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻው መቶ ዓመት ነው። ከቀደምት ማስረጃዎቹ አንዱ ኢየሩሳሌም ውስጥ የተገኘ የብርጭቆ ሠሪዎች ጥራጊ ነው። ከዚያ በፊት ብርጭቆ በብዙ ልፋት የሚሠራ የባለጸጋ ዕቃ ነበር። መንፋት ሲመጣ ተራው ሰውም ጠጣበት።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የሶርያን ብርጭቆ የመንፋት ሙያ አስቸኳይ ጥበቃ በሚሹ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ጦርነቱ ባለሙያዎቹን በትኗቸዋል። መመዝገቡ ደስ ይላል። ግን ይሄ ሙያ ተጽፎ አይተላለፍም። ልጅ ከአባቱ ጎን ቆሞ፣ የእሳቱን ቀለም እያየ፣ ሙቀቱን በፊቱ እየለካ ነው የሚማረው። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ የሚረዳ ካለ መጀመሪያ ለእቶኑ ነዳጅና ለተለማማጅ ልጆች ደሞዝ ይክፈል። ኤግዚቢሽኑ በኋላ ይደርሳል።