ሆዱ ተነፍቶ የመጣ በሽተኛ አይደር

ክቡራን መምህራን፣ ወላጆች፣ የዘንድሮ ተመራቂዎች፣ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ!

የተሰጠኝ ርዕስ የሆድና የዳሌ ደም ሥሮችና ነርቮች የሚል ነው። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ተፈትናችሁበታል። የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው፤ ለተጠመዘዘ ሲግሞይድ፣ በትልቁ አንጀት መጨረሻ ገደማ ላለው ቆልማማ ክፍል።

በቲቲፒ፣ ተማሪዎች በቡድን በሚሠለጥኑበት መርሐ ግብር፣ ጤና ጣቢያ የወጣችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ከጅማ አካባቢ፣ ከዴዶ ወይም ከሊሙ፣ አንድ ገበሬ በቃሬዛ ይመጣል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ ሰገራ ቀርቶ ፈስ ከወጣው ሁለት ቀን ሆኖታል። «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ሲባል ከእምብርቱ በታች በመዳፉ ይዳብሳል እንጂ በጣቱ ለይቶ አያሳይም። መናገር አቅቶት አይደለም፤ የአንጀት ነርቮች የሕመምን ቦታ ለይተው አይናገሩም።

ውስጡ ግን እየታነቀ ነው። ሲግሞይድን የሚመግበው ደም ወሳጅ በ3ኛው የወገብ አጥንት ትይዩ ከአኦርታ፣ ከልብ ከሚነሳው ዋና ደም ወሳጅ፣ ይወጣና በሜዘንተሪው፣ አንጀቱን ከሆድ ጀርባ ጋር በሚያያይዘው ሽፋን፣ ያልፋል። የሜዘንተሪው ሥር ጠባብ፣ አንጀቱ ረጅም ሲሆን ሁሉም እንደ ገመድ ይከረራል። መጀመሪያ የሚዘጋው ደም መላሹ ነው፤ ግድግዳው ስስ፣ ግፊቱም ዝቅተኛ ነውና። ደም ወሳጁ ግን መግፋቱን አይተውም። የገባው ደም መውጫ ሲያጣ አንጀቱ ያብጣል፣ ይጠቁራል፤ በመጨረሻ ደም ወሳጁም ይታነቅና ጋንግሪን፣ የሞተ ሥጋ፣ ይሆናል።

ያኔ ሕመሙ ጠባዩን ይለውጣል። የአንጀቱ መቆጣት የሆድ ግድግዳ ሽፋን ላይ ሲደርስ በሽተኛው በጣቱ ያሳያል፤ ሆዱም ይደድራል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የልብ ምቱ እየፈጠነ፣ ሆዱ እንደተነፋ፣ ሕመሙ ጋብ ሲል ነው። ካርዱ ላይ «ተሽሎታል» ተብሎ ይጻፋል። አልተሻለውም! አንጀቱ ሞቶ ሊሆን ይችላል!

ማስታገሻ መስጠት ነውር አይደለም፤ ግዴታችን ነው። ነውሩ ወግቶ ማሳደር ነው! ነውሩ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣት ነው! ነውሩ ጓንት አጥልቆ በፊንጢጣ ሳይመረምሩ «ጨጓራ ነው» ብሎ መሸኘት ነው!

በአፍ ምንም አትስጡ። በሁለት ትልልቅ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ፈሳሽ ጀምሩ፤ የአፍንጫ ቱቦና የሽንት ቱቦ (ካቴተር) አስገቡ፤ ሽንቱ በሰዓት፣ በኪሎ ቢያንስ 0.5 ሚሊ ሊትር ይሁን። ሪፈር ስትጽፉ ስልክም ደውሉ። አንጀቱ ገና ካልሞተ በሲግሞይዶስኮፕ፣ በፊንጢጣ በሚገባ መመልከቻ መሣሪያ፣ ቱቦ ገብቶ አየሩ ይተነፍሳል። ተነፈሰ ብላችሁ ግን ወደ ቤቱ አትስደዱት፤ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይጠመዘዛልና እዚያው እንደተኛ ለቀዶ ሕክምና ይዘጋጅ። ሆዱ ከደደረ ወይም ጓንቱ ላይ ጥቁር ደም ከታየ ቱቦ አይሞከርም፤ በቀጥታ ኦፕሬሽን ክፍል።

ስለ ዳሌ ነርቮች ነገ ቀዶ ሐኪም ለምትሆኑት አንድ ቃል ብቻ፦ ከኤስ 2 እስከ ኤስ 4፣ ከወገብ በታች ካለው የአከርካሪ ክፍል፣ የሚወጡት ሽንትን፣ ሰገራንና ሩካቤን ያስተዳድራሉ። ይህ እንደ ካንሰር በሰፊው የሚቆረጥ አይደለም፤ ሜዘንተሪውን ወደ አንጀቱ ተጠግታችሁ ቁረጡ እንጂ ወደ ዳሌው ጀርባ አትውረዱ።

አመሰግናለሁ።