ቆራሌ የተባለችው ላፕቶፕ

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ጭቃ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይራችሁ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። አዳራሹን የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ የፈቀደልን እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የመልስ ድግስ አለበት። ስለዚህ አላስረዝምም።

ባለፈው የተጣላንበትን ታስታውሳላችሁ። እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ነጻ ሶፍትዌር፣ ዴቢያን፣ 13ኛ እትሙ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ሲወጣ ለባለ 32 ቢት፣ ማለትም ለአሮጌ ኮምፒውተር፣ መጫኛው ቀረ። እኛ ለሰው የምንጭንበት ፍላሽ ወደ 13 ይለፍ ወይስ 12 ላይ ይቆይ? ጥያቄው ይሄ ብቻ ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ የእኔን ላፕቶፕ አይቶ «ቆራሌ ይውሰዳት» አለ። ሌላው «አንተ ጉረኛ» ብሎ ተነሳ። የፍላሹ ነገር ሳይነሳ ተበተንን።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ማታ የአማርኛ ኪቦርዴን አፕዴት አደረግኩ። ጠዋት የዕድራችንን ማስታወቂያ ስጽፍ «ጸሐፊ» ልል «ፀሐፊ» ይለኛል። ጸሐፊው ደግሞ እኔ ነኝ! ደሜ ፈላ። ለሠራው ልጅ ሙሉ ገጽ ጻፍኩለት፤ የማይጻፍ ሁሉ አለበት። የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፦ «የትኛው ቨርዥን ነው? ድሮ የትኛውን ቁልፍ ነበር የሚነኩት?» ልጁ ከሥራ ገብቶ ማታ ማታ ነው የሚሠራው፣ ያውም በነጻ። ለውጡንም ከሁለት ወር በፊት «ሞክሩልኝ» ብሎ ነበር። አልሞከርኩም። ይቅርታ ጠይቄ አራት መስመር ጻፍኩ፦ ቨርዥኑን፣ ቁልፉን፣ ድሮ የሚመጣውን፣ አሁን የሚመጣውን። በሳምንቱ የድሮው አቀማመጥ እንደ አማራጭ ተጨመረ። ከዚያ ሁሉ ገጽ ስድብ ውስጥ እኮ የቁልፉ ስም እንኳ አልነበረም።

ዴቢያን ራሱ የባሰ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኮምፒውተሩ ሲነሳ አገልግሎቶቹን የሚያስጀምረው ሲስተምዲ የሚባለው ፕሮግራም ይሁን አይሁን ተብሎ የቴክኒክ ኮሚቴው እኩል ለእኩል ተከፈለ። በሰብሳቢው ድምፅ ሲስተምዲ አለፈ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ፕሮግራሙን ለዴቢያን ከሚያዘጋጁት አንዱ የሚደርስበት ዘለፋ በዝቶበት ተወው። ያልተስማሙት ኮዱን ይዘው ዴቩዋን የሚባል የራሳቸውን ጀመሩ። እሱ መብታቸው ነው፤ ክፍት ሶፍትዌር የተባለውም ለዚሁ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ያ ተዘልፎ የተወው ሰው ነው። ደግሞ የዴቢያን ሰዎች ብዙ ናቸው። እኛ ሃያ ሰው ለሁለት ብንከፈል ፍላሹን ማን ያዘጋጃል?

የእኔ ሐሳብ 12 ሳይጣል 13 ይጨመር ነው። ግን ሁለት ፍላሽ ማዘጋጀት ድርብ ሥራ ነው፤ 12 ይቆይ የምንል ሰዎች እሱን ራሳችን እንያዝ። ከሻይ በኋላ ሰሌዳው ላይ የማሽናችሁን ሞዴልና ምን እንደማይሠራላችሁ ጻፉ። ስለ ማሽኑ የፈለጋችሁትን በሉ። ስለ ባለቤቱ የጀመረ ሻይ ይቀዳል።

ላፕቶፔን ዛሬም ይዣት መጥቻለሁ፣ ሶኬቱ ጋ ናት። ባትሪዋ ሞቷልና እባካችሁ ገመዱን እንዳትነቅሉብኝ።